ለእህት የማይሰጥ ደም

ጥቅምት 4

አንሶላ፣ አንሶላ፣ አንሶላ። ሆቴሉ ጠዋት የላከው ክምር እስኪመሽ አላለቀም። እግሬ አብጧል። የላውንደሪው ባለቤት ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ተመለሰ። በሦስተኛው፣ "የቀዘቀዘው ካውያው ነው ወይስ አንቺ?" አለኝ። ሳሙና ከገንዳው ቀና ብላ ሳቀች። ሳሙና ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አጣቢ ስለሆነች አይደለም፤ ምላሷ ስለሚያዳልጥ ነው።

ደክሞኛል። ሁልጊዜ ደክሞኛል። ሌላውንም ሰው እንዲህ ይደክመው ይሆን? ወይስ እኔ ብቻ ሰነፍ ሆኜ ተፈጥሬ...

በሰፈሩ አዳራሽ ፊደል ያስቆጠረን ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ካልጻፋችሁ ትረሱታላችሁ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጻፉ ብሎናል። ይኸው ጻፍኩ። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ የምጽፈው ያው አንሶላ ነው።

ጥቅምት 9

የእህቴ ልጅ የምሠራበት ድረስ መጣ። ለሰርጉ እንኳ በስልክ ነበር የጠራኝ። በሩ ላይ ሳየው ሰው የሞተ መሰለኝ። ካውያውን አቆምኩ።

"እማዬ ታማለች፣ አክስቴ።"

ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል አለ። ማንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዛል። ደረጃ መውጣት አቅቷት ተማሪዎቿ ደግፈው ክፍል ያስገቧት ጀመር። ተመረመረች። የአጥንቷ መቅኒ ሥራ አቁሟል አሏት። ደም የሚሠራው እሱ ነው ለካ። ከኛ ቤት ሥራ ማቆም የሚያውቅበት የሷ ወገን ነው ልል ከአፌ ደርሶ ነበር። የልጁ ዓይን ቀልቷል። ዋጥኩት።

መድኃኒት ጀምረውላታል። መቅኒው ይነቃ እንደሆነ ለመንቃት ወራት ይፈጃል፤ ላይነቃም ይችላል። እስከዚያ የምትቆየው በሰው ደም ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ለወሰደችው ሁሉ ቤተሰብ ይተካ ይላል። እሱ ሰጥቷል። ጓደኞቹም ሰጥተዋል።

"ያንቺ ደግሞ የእህት ነው፤ ከማንም ይልቅ ይስማማታል" አለኝ።

እሷ ናት የላከችህ ብዬ ጠየቅኩት። ጫማውን ማየት ጀመረ። እንዳልላከችው ገባኝ። አጥብቄ ስይዘው ነው ያወጣው... "ለአክስትህ እንዳትነግር ብላኛለች።"

እንዳትነግር። ለጎረቤት ተነግሯል፣ ለትምህርት ቤቱ ተነግሯል፣ ለልጁ ጓደኞች ተነግሯል። ለኔ እንዳትነግር። የኔን ደም ተጸይፋ ነው? ምን እንዳይገባባት ነው የፈራችው፣ የካውያ ጢስ?

ልጁን፣ ራሷ ትጠይቀኝ ብዬ ሸኘሁት።

ጥቅምት 10

ራሷ በአፏ ትጠይቀኝ። ዛሬ የምጽፈው ይኸው ነው።

ጥቅምት 13

ሄድኩ። አልሄድም ብዬ ነበር... ሥጋ ነው፣ ምን ይደረግ።

አምስት አልጋ ያለበት ክፍል። እሷ መስኮቱ ጋ ናት። መስኮት ያለው ቦታ ድሮም ለሷ ነው የሚደርሰው። ከንፈሯ ቀለም የለውም። ከትምህርት ቤቷ ሁለት አስተማሪዎች ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ተነሥተው ወንበር ለቀቁልኝ። "ዘመዴ ናት" አለቻቸው። ዘመዴ።

አባታችን ሲሞት እናታችን፣ ሁለታችሁንም አልችልም፣ አንዳችሁ ትማር አለች። እኔ ታላቅ ነኝ። ክንዴ ጠንካራ ነው፣ ካውያ ማንሳት ይችላል። ስለዚህ እሷ ተማረች። የደንብ ልብሷን የምተኩሰው እኔ ነበርኩ፤ ቀሚሷ መታጠፊያው ላይ ጣት ይቆርጥ ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪ ሆነች። ደመወዝ መብላት ስትጀምር፣ እኔንም ፊደል አስቆጥሪኝ አልኳት። "አሁን ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። በክፋት አይደለም። እውነትም ምን እንደሚያደርግልኝ ስላልታያት ነው። ያ ነው የባሰው።

ለሰው ልጅ ሁሉ አስተማሪ። ለኔ... የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።

አልጠየቀችኝም። ስለ ዝናቡ አወራን። ከራስጌዋ ቀይ ከረጢት ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። የማን እንደሆነ አላውቅም። የኔ አይደለም።

ጥቅምት 21

ዛሬ የተሰቀለላት ቢጫ ነው። ውሃ የበዛበት የብርቱካን ጭማቂ ይመስላል። ደም አልቆባቸው ይሆን ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። ፕላትሌት ይባላል፣ ከደም ተለይቶ የሚወጣ ነው፣ ሰው ሲቆረጥ ደሙን የሚያቆመው እሱ ነው አለችኝ። ቀዩ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣል፤ ይኼ ግን ከተወሰደ በጥቂት ቀን ይበላሻል። ስለዚህ ሁልጊዜ እጥረት ነው። እየሮጠች ነው የነገረችኝ፣ ሥራ በዝቶባታል።

ይህን ሲያስተምር የኖረ ሰው እዚያው አጠገቤ ተኝቷል። ዓይኗን ጨፍናለች። እንቅልፍ አይደለም። እንቅልፏን አውቃለሁ፤ በአንድ አልጋ ነው ያደግነው።

ይኼ ይህ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል...

ኅዳር 2

ሳሙና፣ ሄደሽ አትሰጪም ወይ አለችኝ። አልጠየቀችኝም አልኳት። "ልትሞት ያለች ሰው በምን ትጠይቅሽ? በማመልከቻ?" አለችኝ። አጣቢ ናት፤ እድፍ ካየች አትተውም።

ከሥራ መልስ ሄድኩ። አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምታወራው። ድዷ እየደማ ነው። መሐረብ ላይ ተፋችና መሐረቡን ከትራሷ ሥር ደበቀች። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ፣ እሷም እንዳላየሁ አመነች። ስታንቀላፋ አወጣሁትና በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት።

እሰጣለሁ። ሳልጠየቅ።

አዝኜ አይደለም። የምጽፈው ለራሴ ነው፣ ለማን ልዋሽ። ደሜ ሥሯ ውስጥ ይግባ። ልቧ በመታ ቁጥር የኔ ይዙር። ያኔ ደግሞ ዘመዴ ናት ትበል፣ አያታለሁ።

ኅዳር 3

ሆስፒታሉ ሥር ያለው ደም ባንክ ሄድኩ። ወረፋው ወጣት በወጣት ነው። ደም ቀጂዋ የልጅ ፊት ያላት ናት፤ እማማ አለችኝ። ጣቴን ወጋች። አንድ ጠብታ በቀጭን ቱቦ ሳበችና ሰማያዊ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለች። ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። ጥሩ ደም ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል አለች። ከፊቴ የነበረው ጎረምሳ ጠብታው እንደ ጠጠር ነበር የወረደችው። የኔ ትንሽ ወረደችና ቆመች። አመነታች። ከዚያ ተመልሳ ወጥታ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች።

"አይሆንም፣ እማማ። ደምዎ ቀልሏል። ብረት አንሶዎታል።"

ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስገፋ ኖሬ ብረት አነሰሽ ተባልኩ። ለሳሙና ይህን ብነግራት ዓመት ሙሉ ትስቅበታለች።

ልጅቷ ደህና ልጅ ናት፤ አስረዳችኝ። ቀዩ ሕዋስ ተሸካሚ ነው፤ ከሳንባ አየር ጭኖ ለመላ አካል ያደርሳል። የሚጭንበት ብረት ነው። ብረት ከሌለ ባዶውን ይዞራል። ለዚህ ነው የሚደክምዎት አለች። እንደሚደክመኝ አልነገርኳትም እኮ። ጠብታዋ ናት የነገረቻት።

ስንት ዘመን ሰነፍ ተባልኩ። እናቴ ብላኛለች። ባለቤቱ ብሎኛል። እኔም ለራሴ ብያለሁ። ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ ደሜ ፈላ ልል... ምን ደም አለኝና ይፈላል?

ለእህት የሚሰጥ የለኝም። ለመበቀያ እንኳ አነሰኝ።

ኅዳር 6

ሐኪም ጋ ላኩኝ። የሆድ ትል ነው። አንጀቴ ላይ ተጣብቆ ደሜን ሲጠጣ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። እኔን ያልበላ ማን ቀረ? ትሉም ከነቤተሰቡ በኔ ነበር የሚተዳደረው።

የትል መድኃኒት ሰጠኝ፤ ቀጥሎ የብረት እንክብል። ደህና ሲሆኑ ተመልሰው ይሞክሩ አለ።

ለእህቴ አልነገርኩም። እንዳትስቅብኝ አይደለም። እንዳታዝንልኝ ነው።

ኅዳር 20

እንክብሉ አፌን ሳንቲም የላሰ ያስመስለዋል። ጉበት ገዛሁ። ምስር፣ ጎመን። ሳሙና ምሳዬን አይታ፣ "ምነው፣ አረገዝሽ እንዴ?" አለችኝ ባለቤቱ ፊት። አዎ፣ ካውያ ነው የምወልደው አልኳት። እሱ እንኳ ሳቀ።

ታኅሣሥ 12

ትናንት ፕላትሌት ሳይገኝ ዋለ። አፍንጫዋ ደምቶ ጥጥ ወተፉላት። ልጇ ሰው ሲለምን ድምፁ ዘግቷል። ለሌላ አገር ሐኪም ጽፈው ጠይቀው ነበር፤ መቅኒ መተካት የሚባል ነገር አለ፣ ግን ዕድሜዋ አልፏል ብለዋቸዋል። ያለው ተስፋ መድኃኒቱ ነው፣ እስከዚያም ከረጢቱ።

እኔን ምንም አልጠየቀችኝም። ቤትሽ ያፈስሳል ወይ አለችኝ እንጂ። አያፈስስም አልኳት። ያፈስሳል።

ስመለስ የድልድዩን ደረጃ ወጣሁ። ላይ ደርሼ ነው የገባኝ፤ መሐል ላይ አላረፍኩም። ሁልጊዜ እኮ አርፋለሁ። ቆሜ ወደ ታች አየሁት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው? እንዲህ ቀላል ነው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተናደድኩ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ታኅሣሥ 25

ባለቤቱ፣ ካውያዋ ሞቀች ብሎ የሌላ ሆቴል አንሶላ ጨመረብኝ። ጉልበት ያገኘ፣ ጭነት አያጣም።

ጥር 9

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሰመጠች። ያቺው ልጅ ናት የወጋችኝ። ጠብታዋ ሰማያዊውን ውሃ ቀጥ ብላ ወርዳ ከሥሩ ተቀመጠች። ልጅቷ እጇን አጨበጨበች። ተኛሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ። ከረጢቱ ከታች ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ እንደ ሕፃን። ሞላ። ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ሞቃት። በእጄ አስነካችኝ። ኮራሁበት፤ እውነቴን ነው።

ላዩ ላይ ጻፊበት፣ ለእህቴ ነው አልኳት።

እንዲያ አይደለም አለችኝ። የኔ ወደ ጋራ ማከማቻው ይገባል፣ ለእህቴ ከጋራው ይወጣል። ያውም እንዳለ አይሄድም። በማሽን ይሽከረከራል፣ ይለያያል። ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፤ ምናልባት ስትወልድ ደም ለፈሰሳት ሴት ይሆናል። ፕላዝማ የሚባለው ቢጫ ፈሳሽ እሳት ላቃጠለው ሰው። ፕላትሌቱ ለሌላ። ከአንድ ክንድ ሦስት ቤት።

ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች። ጉበቱን ለነሱ ነው የበላሁት?

እሺ፣ ፕላትሌቱን እንኳ ለሷ ስጡልኝ ብዬ ለመንኳት። ለመንኩ፣ እኔ። ምን እንደሆነችኝና ምን እንዳመማት ጠየቀችኝ። የእናቴና የአባቴ ልጅ ናት፣ ፎቅ ላይ የተኛችው አስተማሪ፣ መቅኒዋ ነው አልኳት። የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

"እማማ፣ ለርሳቸው የእርስዎ ፈጽሞ አይሰጥም። እንደርሳቸው ላለ ሕመምተኛ የሥጋ ዘመድ ደም አደገኛ ነው። የልጃቸውም ለሌላ ሰው ነው የሄደው።" ከዚያ ደግሞ አከለችበት... "እሳቸው እኮ ያውቃሉ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው እህት አለችኝ፣ ድንገት ብትመጣ ተጠንቀቁ ብለው ያስጠነቀቁን።"

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ሲሉ ሰምቼ ነበር።

ጥጡ ክንዴ ላይ እንደተለጠፈ ፎቁን ወጣሁ። አንዲት አዲስ ነርስ የእህቴን ሙቀት እየለካች ነበር። ጥጡን ገና ስታይ ከትራሷ ተነሣች።

"ደም ሰጠሽ? ነርስ፣ የሷ ለኔ እንዳይመጣ። እህቴ ናት።"

እህቴ። ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ሲመጣ እንዲህ መጣ፤ ከአይሆንም ጋር ተጣብቆ።

ነርሷ ስትወጣ ጠየቅኳት። ይህን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ አፍሽን ስጠብቅ ታይኝ አልነበረም? ልጅሽ እኔ ጋ ሲመጣ ታውቂ አልነበረም? አላውቅም ነበር አለች፣ ልጁ እንደነገረኝ ኋላ ነው የሰማችው። ከሰማሽ በኋላስ? ለምን አልነገርሽኝም?

መልሷን እንዳለ ልጻፈው።

"የሚገባሽ አልመሰለኝም።"

ቦርሳዬን አነሣሁ። ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም።

ጥር 17

አልሄድኩም።

ጥር 24

አልሄድኩም። ፖስተኛው አዳራሹ በር ላይ አግኝቶኝ ምነው ከሳሽ አለኝ። ከሳሁ? ደሜ ሞልቷል፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ጉንጬ ቀልቷል ይሉኛል። አንጀቴ ነው ያረረው። እሱን በምን ሰማያዊ ውሃ ይለኩታል።

ሳሙና፣ "ኩርፊያውን ከዳነች በኋላ አድርጊው" አለችኝ። ሆድ ይፍጀው።

የካቲት 3

ልጁ መጣ። ሮጦ ነው የመጣው። ከትናንት ጀምሮ ፕላትሌት የለም። አፍንጫዋ አልቆም ብሏል። ጭንቅላቷ ውስጥ እንዳይደማ ፈርተዋል።

የኔ አይሆናትም፣ ምን ላድርግላችሁ አልኩት።

"ደም አይደለም፣ አክስቴ። እትዬን ጥራልኝ አለች።"

እትዬ። ይህን ቃል ልጁ ከየት ያመጣዋል? እሱ ነፍስ ካወቀ ወዲህ እንዲያ ስትለኝ ሰምቶ አያውቅም። የካውያውን ገመድ ነቅዬ ወጣሁ። ባለቤቱ ከኋላዬ ይጮሃል። ይጩህ።

በሁለቱም አፍንጫዋ ጥጥ። ጥጡ ቀይ። በአፏ ነው የምትተነፍሰው። ልጁና ጓደኞቹ ለጋሽ ፍለጋ ተበተኑ፤ ሰው ቢገኝም ደሙ ተመርምሮ ተለይቶ እስኪደርስ ነገ ነው። እኔና እሷ ቀረን። እጄን ያዘችኝ። እጇ እንደ ብርጭቆ ነው።

"ቁጭ በይ። ላስረዳሽ።"

"ተዪው። ብዙ አታውሪ፣ ትደሚያለሽ።"

"ዝም ብልም እደማለሁ። ስሚኝ... ቀዩን ታውቂዋለሽ። ነጮቹ ዘበኞች ናቸው፣ ባዕድ ሲገባ ያባርራሉ። የሰው ደም ሲሰጠኝ የሰውየው ነጮችም ትንሽ ትንሽ አብረው ይገባሉ። ባዕድ ከሆኑ የኔ ዘበኞች ደካማም ቢሆኑ ለይተው ያስወግዷቸዋል። ያንቺዎቹ ግን እኔን ይመስላሉ። ዘበኛው የቤት ሰው ናቸው ብሎ ያሳልፋቸዋል። እነሱ ግን ገብተው ሲያዩ ቤቱ የነሱ ቤት አይደለም። ያፈርሱታል። መድኃኒት የለውም።"

"እኔ ነኝ እንግዲህ የምገድልሽ።"

"አንቺ አይደለሽም። መመሳሰላችን ነው።"

ሰው ሁሉ እኛን ሲያይ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይል ነበር። አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ልብስ ተኳሽ። ለካ ዘበኛ የማይለየን ነን።

ገባኝ። እየተናገረች ሳለ ነው የገባኝ።

"ይኸው ገባኝ" አልኳት። "ይህችን ታህል ነበረች?"

ጣራውን አየች።

"ይህችን ታህል ነበረች" አለች።

ይቅርታ አላለችኝም። እኔም ምንም አይደል አላልኩም። እጇን ግን አልለቀቅኩም። ጥጡ እየራሰ ሲመጣ ነርስ እጠራለሁ፣ ይቀየራል፣ እንደገና ይርሳል። እንዳትሞቺ፣ ገና አልጨረስኩሽም... በሆዴ።

የካቲት 4

ቢጫው ከረጢት ደረሰ። የማን ነው? አንድ ሰው የሆነ ቦታ ክንዱን ዘርግቶ ተኝቷል። ስሟን አያውቅም፣ ክፋቷንም ደግነቷንም አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቆመ።

የኔን እንዲያ የሰቀሉለት ሰውስ? አንዲት እህቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ የማን ነው ብላ ይሆን? አላውቅም። ዛሬ ብቻ አሰብኩት።

የካቲት 13

ታስተምረኛለች። እኔ ነኝ ያልኳት፤ ከመጣሁ ዝም ብለሽ አታይኝም፣ አስተምሪኝ። አልጋ ላይ ሆናም አስተማሪ ናት፤ ስሳሳት ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች።

ፕላዝማ ውሃ ነው አልኩ። ውሃ ብቻ ነው ወይ አለችኝ። ጨው አለበት፣ ስኳር አለበት፣ ምግቡም ቆሻሻውም በሱ ነው የሚጓዘው። ወንዙ እሱ ነው፣ ሌሎቹ ጀልባ። ቀዩ ሕዋስ ዕድሜው አራት ወር ገደማ ነው፤ ከዚያ ይሞታል፣ ብረቱን ግን አዲሱ ይወርሰዋል፣ አይጣልም። ከኛ ቤት የተሻለ ደንብ ነው አልኳት። የአባታችንን የወረሰ የለምና። ሳቀች፣ ድዷን ይዛ።

ፕላትሌት ደግሞ ሙሉ ሕዋስ አይደለም። ስባሪ ነው። ከትልቅ ሕዋስ የተቆራረሰ ፍርፋሪ። ቀዳዳ ሲገኝ ፍርፋሪው ይሰበሰባል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይደፍነዋል። ሙሉዎቹ ያልቻሉትን። ይህን ወደድኩት። ለምን እንደወደድኩት አልጽፍም።

"እንዳንቺ የሚጨቀጭቀኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም" አለችኝ።

"እንደኔ የጠበቀሽም የለም" አልኳት።



የካቲት 28

ሐኪሙ ፊቱ በርቶ ገባ። መቅኒው ነቅቷል። ገና ትንሽ ነው፣ ግን የራሷ ፕላትሌት ነው። ሳምንት ሙሉ ከረጢት አልተሰቀለላትም።

መጋቢት 14

ወደ ቤቷ ገባች። አስተማሪዎች፣ ጎረቤቶች፣ የልጁ ጓደኞች። መኪናው ውስጥ ለኔ ቦታ አልተገኘም፤ አበባው ይዞታል። በእግሬ ወደ ሥራ ተመለስኩ። አልደከመኝም፤ እሱ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ቢደክመኝ ሰበብ ነበረኝ።

መጋቢት 25

ሳሙና የአስተማሪዎቹን መጋረጃ ስታጥብ ሰምታ መጣች። እህቴ ለሰው ሁሉ፣ ያዳኑኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ትላለች አሉ። እውነቷን ነው። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በውሸት መጣላት ይቻላል።

ሚያዝያ 3

አስጠራችኝ። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ልጁ ሥራ ሄዷል። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ተቀምጣለች። ዙሪያ ጥምጥም አላበዛችም።

"እዚህ ግቢና ከኔ ጋር ኑሪ፣ እትዬ። ብቻዬን መዋል ፈራሁ። አንቺም ሥራው ይብቃሽ። ቤትሽ ደግሞ ያፈስሳል፣ አውቃለሁ።"

በአፏ። ራሷ። ከጥቅምት ጀምሮ የጠበቅኩት... ከጥቅምት ነው ወይስ ከቀሚሷ መታጠፊያ ጀምሮ? አሁን ሲመጣ ልቤ ዘለለ? አልዘለለም። ዙሪያዬን አየሁ። ጥግ ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ልብስ ተቆልሎበታል። እዚህ ብገባ ነገ ጠዋት የት እንደምቆም አወቅኩ። ክፋት አስባ አይደለም። እኔ ስገባ ጠረጴዛው ራሱ ይጠራኛል፣ እግሬም ይሄዳል። ሁለታችንም ሳናስተውል ወደ ድሮው እንገባለን።

"አይሆንም" አልኳት።

ደነገጠች። ተቀይመሽኝ ነው አለች። አዎ አልኳት። ተቀይሜሻለሁ፣ አልወጣልኝም፣ ይወጣልኛል ብዬም ቃል አልገባም።

"እሑድ እሑድ ግን እመጣለሁ" አልኩ። "እንግዳ ሆኜ።"

"እንግዳ ማለት?"

"አንቺ ትነሺያለሽ፣ እኔ እቀመጣለሁ።"

ሚያዝያ 9

እሑድ። ሄድኩ። ተቀመጥኩ።

ግድግዳ ይዛ ተነሣች። ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ መሳቢያ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሆነ ነገር ወደቀ። ጉልበቴ በራሱ ሊነሣ ሲል መዳፌን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት። ብዙ ቆየች። የፈላው ውሃ ያቃጥላት ይሆን? ትውደቅ ይሆን? አልተነሣሁም። አንሶላ ሙሉ ቀን መተኮስ ከዚህ ይቀላል።

ሰሃኑን ይዛ መጣች፤ ሻዩ ግማሹ ሰሃኑ ላይ ፈስሷል። ስኳር ስንት ላድርግልሽ አለችኝ። እኔ የሷን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃለሁ። የኔን ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት። ቆጥራ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስጠጣ አየችኝ።

"ቀጠነ?"

"ቀጥኗል።"

ጨርሼ ጠጣሁት። ብርጭቆውን ወደሷ ገፋሁ።

"ድገሚኝ" አልኳት።

ተነሣች።